አሜሪካውያን ለደኅንነት ሲሉ የማንን ነጻነት ይሰጣሉ?

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ለእኛ የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። በአሜሪካ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መሆኑ ነው። በዚያ ጠዋት በኒው ዮርክ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ በሚገኘው ፔንታጎንና በፔንሲልቬንያ ገጠር 2,977 ሰዎች ተገደሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከጥቃቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ሥራ የሚደግፉት አሜሪካውያን 51 በመቶ እንደሆኑ መዝግቦ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲጠይቅ ቁጥሩ 90 በመቶ ደርሶ አገኘው።

በዚያው ሰሞን ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል አንድ ጥያቄ ለሕዝብ አቀረበ። በዚህ አገር ሽብርተኝነትን ለመግታት ተራው ሰው ከነጻነቱ የተወሰነውን መተው ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? 55 በመቶው «ያስፈልገዋል» አለ፤ 35 በመቶው «አያስፈልገውም» አለ። በ1997 ይኸው ጥያቄ ሲቀርብ «ያስፈልገዋል» ያሉት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2004 ቁጥሩ ወደ 38 ወርዷል። ጥቃቱ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል በ2011 ደግሞ 40 በመቶው «ያስፈልገዋል» ሲል 54 በመቶው «አያስፈልገውም» ብሏል።

ይህን የቁጥር መውጣትና መውረድ ብዙ ተንታኞች እንደ ሚዛን ያዩታል። በአንዱ ጎን ደኅንነት፣ በሌላው ጎን ነጻነት ተቀምጦ፣ ፍርሃት ሲከብድ ነጻነት ይቀላል ይላሉ። ሐሳቡ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግረን። እኔ መጠይቆቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነባቸው በጉልህ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው መላሽ «ነጻነት ይቀነስ» ሲል በአብዛኛው የሌላ ሰው ነጻነት ነው በዓይነ ኅሊናው ያለው። «አይቀነስ» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ቀናሹ ማን እንደሆነ አይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምንኖር፣ ዜግነት ወስደን ለምንመርጥ፣ በየቀኑ ወደ አገር ቤት ለምንደውል አበሾች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ፍርሃቱ

ፍርሃት ቁጥሮቹን እንደሚገፋ ምንም ጥርጥር የለውም። ኤፕሪል 19 ቀን 1995 በኦክላሆማ ሲቲ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በፈንጂ ወድሞ 168 ሰዎች ሞቱ። ያኔ በተደረገ ጥናት ነጻነትን መተው ያስፈልጋል የሚሉት ወደ ግማሽ ተጠግተው 49 በመቶ ሆነው ነበር። በዓመቱ ቁጥሩ 30 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ሰው ጣቱን የቀሰረው በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ላይ ነበር። ጥፋተኛው ግን ቲሞቲ ማክቬይ የተባለ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተካፈለ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ እንዲያ በፍጥነት የወረደበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ጥፋተኛው የጎረቤት ልጅ ሲሆን፣ የሚመጣው ክትትልም ወደ ገዛ ቤት እንደሚመጣ ሰው ይገባዋል።

ፒው ከ2004 ጀምሮ የሚያቀርበው ሌላ ጥያቄ አለ። በመንግሥት የፀረ ሽብር እርምጃ የበለጠ የሚያሳስብዎ የትኛው ነው? የዜጎችን ነጻነት ከልክ በላይ መገደቡ ወይስ አገሪቱን ለመጠበቅ የሚበቃውን ያህል አለመሥራቱ? በጁላይ 2013፣ የመንግሥትን ምስጢራዊ የስልክ ክትትል ያጋለጠው የኤድዋርድ ስኖውደን መረጃ በወጣ ማግሥት፣ 47 በመቶው ገደቡ አሳሰበኝ አለ፤ ጥበቃው አነሰ ያለው 35 በመቶ ነበር። ጥያቄው መቅረብ ከጀመረ ወዲህ የነጻነት ስጋት ሚዛን ሲደፋ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ውስጥ፣ በዲሴምበር 2 ደግሞ በካሊፎርንያ ሳን በርናርዲኖ ጥቃት ደረሰ። በሳን በርናርዲኖ 14 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዲሴምበር ፒው ሲጠይቅ ጥበቃው አነሰ ያሉት 56 በመቶ፣ ነጻነቱ ተነካ ያሉት 28 በመቶ ሆኑ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ አገሩ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ነበር።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጥቃት ሕዝቡን ወደ አንድ አቅጣጫ አይነዳም። በኤፕሪል 2013 በቦስተን ማራቶን መጨረሻ መስመር ላይ በፈነዱት ቦምቦች 3 ሰዎች ሞተው ከ200 በላይ ቆሰሉ። ከቀናት በኋላ ዋሽንግተን ፖስት ባደረገው ጥናት መንግሥት የዜጎችን መብት አልፎ ይሄዳል ብለው የሰጉት 48 በመቶ ሲሆኑ፣ በቂ አይሠራም ብለው የሰጉት 41 በመቶ ነበሩ። ያኔ ሕዝቡ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነት ሰልችቶት፣ በመንግሥት ላይ የነበረው እምነትም አሽቆልቁሎ ነበር። ፍርሃት ብቻውን እንደማይወስን ቦስተን ጥሩ ማስረጃ ናት።

የሕዝብ ስሜት እንዲህ በወራት ይለዋወጣል። በስሜቱ ጫፍ ላይ የሚወጣው ሕግ ግን ባለበት ይቆያል። ፓትሪዮት አክት የተባለው ሕግ የተፈረመው ጥቃቱ በደረሰ በ45ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2001 ነው። በተወካዮች ምክር ቤት 357 ለ 66፣ በሴኔቱ 98 ለ 1 አለፈ። ብቸኛው ተቃዋሚ የዊስኮንሲኑ ሴናተር ረስ ፋይንጎልድ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለጦርነት ፈቃድ ሲሰጥም በተወካዮች ምክር ቤት «አይሆንም» ያሉት የካሊፎርንያዋ ባርባራ ሊ ብቻቸውን ነበሩ፤ 420 ለ 1። የዚያን ሰሞን ስሜት ዛሬ በየትኛውም መጠይቅ አናገኘውም፤ በዚያ ስሜት የተጻፈው ሕግ ግን ለዓመታት ሰዎችን ገዛ። ቀላሉን ምሳሌ እንኳ ብንወስድ፣ በዲሴምበር 2001 አንድ መንገደኛ ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ በጫማው የደበቀውን ፈንጂ ሊለኩስ ሞከረ። በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ በካልሲ ተሰልፈን የቆምነው ሁሉ የዚያ ሙከራ ውጤት ነው። ጫማ የማውለቁ ግዴታ የተነሳው በጁላይ 2025 ነው።

የፀረ ሽብር ሕግ በዚያ ዘመን ከአገር አገር ተዛምቷል። ኢትዮጵያ በ2009 ያወጣችው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 (ይህ 2001 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲተች፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከምዕራባውያን ሕጎች ቃል በቃል የተወሰደ ነው ብለው ተከራክረዋል። ቃሉ ሊወሰድ ይችላል። በአሜሪካ ሕጉን የሚከበው ነፃ ፍርድ ቤት፣ ምስጢር የሚያወጣ ጋዜጣና መንግሥትን በየወሩ በቁጥር የሚለካ መጠይቅ ግን በቃል አይቀዳም። አዋጁ ጋዜጠኞችንና ተቃዋሚዎችን ወደ እስር ቤት ሲልክ ቆይቶ በ2020 በሌላ ተተካ።

የማን ነጻነት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ታሪኩ ከ2001 በብዙ ይቀድማል። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከመታች ከሁለት ወር በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በትእዛዙ መሠረት 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በየበረሃው በተሠሩ ካምፖች ታጎሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ አሜሪካ የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። በማርች 1942 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዜግነት የሌላቸው ጃፓናውያን ከምዕራብ ጠረፍ መነሳታቸው ትክክል ነው ያሉት 93 በመቶ ናቸው። ዜጎቹስ? 59 በመቶው እነሱም ይነሱ አለ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ከ93 ወደ 59 ያለው ልዩነት የሚለካው ዜግነት የሚባለው ወረቀት በዚያ ቀን ምን ያህል ከለላ እንደሰጠ ነው። የሰጠው የተወሰነ ከለላ ነበር፤ አብዛኛውን መላሽ ለማሳመን ግን አልበቃም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከቤቱ መነሳቱን በተቃወመው በጃፓን ተወላጁ በፍሬድ ኮሬማትሱ ጉዳይ በ1944 ለመንግሥት ፈረደ። ኮንግረስ ይቅርታ የጠየቀውና በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ የፈቀደው በ1988 ነው፤ ከ46 ዓመት በኋላ።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንመለስ። በዲሴምበር 2005 ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ኤንኤስኤ የተባለው የስለላ መሥሪያ ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የሰዎችን ስልክ እንደሚጠልፍ አጋለጠ። በወሩ ጋዜጣው ከሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጋር ባደረገው ጥናት መላሾች የሁለት ዓይነት ሰዎችን ጉዳይ ተጠየቁ። መንግሥት «የሚጠረጥራቸው አሜሪካውያን» ስልክና ኢሜይል ቢከታተል ብዙው ሕዝብ ተስማማ። «የተራ አሜሪካውያን» ሲባል ግን ብዙው ሕዝብ እንቢ አለ። በጁን 2013 ሲቢኤስ ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቅ፣ የተጠርጣሪዎች የስልክ መዝገብ ቢሰበሰብ 75 በመቶው ደግፏል፤ የተራ ሰዎች ሲሆን 58 በመቶው ተቃውሟል።

መልሱ ላይ ላዩን ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ተጠርጣሪ ይጣራ፣ ንጹሑ ይተው፤ ማን ይህን ይጠላል? ችግሩ ያለው መላሹ ራሱን ያለ ምንም ማመንታት በ«ተራ ሰው» በኩል ማስቀመጡ ላይ ነው። አንድን ሰው ከተራነት አውጥቶ ተጠርጣሪ የሚያደርገው ማን ነው? በምን ማስረጃ? መጠይቁ ይህን አይነግረውም፤ እሱም አይጠይቅም። አሕመድ ወይም ፋጡማ የሚባል ሰው ግን ያንን ጥያቄ ሲሰማ በየትኛው በኩል እንደሚመደብ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በ2006 ጋሎፕ፣ ሙስሊሞች የአሜሪካ ዜጎች ቢሆኑም እንኳ ልዩ መታወቂያ እንዲይዙ ቢደረግ ይደግፉ እንደሆነ ሕዝቡን ጠየቀ። 39 በመቶው ደገፈ። አብዛኛው መቃወሙ እውነት ነው። ሆኖም ከ10 ሰው 4ቱ ዜጋን በሃይማኖቱ ለይቶ መታወቂያ ለማሸከም ፈቃደኛ መሆኑ ያስደነግጠኛል፤ ሊያስደነግጥም ይገባል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አልነበረም። ከ2002 ጀምሮ መንግሥት በቪዛ የገቡ፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የ25 አገሮች ወንዶች ቀርበው አሻራ እንዲሰጡና እንዲመዘገቡ አዘዘ። ከሰሜን ኮርያ በቀር በዝርዝሩ የነበሩት ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባቸው አገሮች ናቸው። ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ነበሩበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ምግብ ቤት የሚገናኙ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ በፓስፖርቱ ምክንያት ለምዝገባ ሲሰለፍ ሌላው ምንም ሳይነካው የሚያልፍበት ሁኔታ ተፈጠረ። ከ80,000 በላይ ሰዎች በአገር ውስጥ ተመዘገቡ፤ ከ13,000 በላይ የሚሆኑት የመባረር ሂደት ተጀመረባቸው። ከዚያ ሁሉ ምዝገባ በሽብርተኝነት የተፈረደበት አንድም ሰው አልተገኘም። ደንቡ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በዲሴምበር 2016 ነው።

ማሠቃየትን በተመለከተ የሚገኘው መልስ ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ መላሹ ራሱን በተሠቃየው ሰው ቦታ ጨርሶ አያስቀምጥም። የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ በዲሴምበር 2014 ሲአይኤ እስረኞችን እንዴት እንደመረመረ የሚዘረዝረውን ሪፖርት ማጠቃለያ አወጣ። ዘዴው ጭካኔ የተሞላበት እንደነበርና ለውጤት እንዳላበቃ ገለጸ። ከዚያ በኋላ ፒው ሲጠይቅ 51 በመቶው ድርጊቱ ተገቢ ነበር አለ፤ ተገቢ አልነበረም ያለው 29 በመቶ ብቻ ነው። የሪፖርቱ ይዘት በስንት ጋዜጣ ወጥቶ እንኳ የብዙውን ሰው ልብ አልቀየረም።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ጁን 2013 ስኖውደን ያወጣው መረጃ፣ መንግሥት የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ እንደሚሰበስብ አሳየ። መዝገቡ የተባለው ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደደወለ የሚያሳይ ነው፤ የተነገረው ቃል አይደለም። ፒውና ዋሽንግተን ፖስት ወዲያው ባደረጉት ጥናት 56 በመቶው ይህ ተቀባይነት አለው አለ፤ 41 በመቶው የለውም አለ። ብዙ ጋዜጣ በዚህ አርእስት ሠርቶ አለፈ።

ትልቁ ዜና ያለው ግን ከአጠቃላይ ድምሩ ሥር ነው። በጃኑዋሪ 2006፣ ቡሽ ሥልጣን ላይ ሳሉ፣ የዚያን ጊዜውን የኤንኤስኤ ክትትል ከሪፐብሊካኖች 75 በመቶ፣ ከዴሞክራቶች 37 በመቶ ተቀብለውት ነበር። በ2013፣ ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሪፐብሊካኖቹ ወደ 52 ወረዱ፣ ዴሞክራቶቹ ወደ 64 ወጡ። የሁለቱ ዓመት ጥያቄዎች በቃላትም በክትትሉ ዓይነትም ይለያያሉ፤ የ2006ቱ ስለ ስልክ ጠለፋ፣ የ2013ቱ ስለ ስልክ መዝገብ ነበር። ነገር ግን አንዱ ፓርቲ ሲወርድ ሌላው 27 ነጥብ ያህል መዝለሉን ይህ ልዩነት ብቻ አያመጣውም። መሥሪያ ቤቱ ያው ነው። ዋናው ለውጥ በዋይት ሐውስ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለ ነጻነት የተጠየቀው ሰው የመለሰው ስለ ፓርቲው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ልማድ ወጣ ብለው የሚገኙ አሉ፤ እነሱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ዳረን ዴቪስና ብራያን ሲልቨር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት ከጥቃቱ በኋላ በ2001 መጨረሻና በ2002 መጀመሪያ ባካሄዱት አገር አቀፍ ጥናት ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው፣ ፍርሃት ሰውን ነጻነቱን አሳልፎ እንዲሰጥ የሚያደርገው በተለይ መንግሥትን ሲያምን ነው፤ የማያምን ሰው ቢፈራም እንኳ ቁጥብ ነው። ሁለተኛው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮች ይልቅ መብታቸውን ለመልቀቅ የማይፈልጉ ሆነው ተገኙ። ሁሉም ያንኑ ጥቃት በአንድ ቴሌቪዥን አይተዋል፤ ያሳለፉት ታሪክ ግን አንድ አይደለም።

ታሪኩ የሚታወቅ ነው። በኦክቶበር 1963 የኤፍቢአይ ሰዎች የማርቲን ሉተር ኪንግን ስልክ ለመጥለፍ ከፍትሕ ሚኒስትሩ ከሮበርት ኬኔዲ ፈቃድ አገኙ። ምክንያቱ የተባለው ብሔራዊ ደኅንነት ነው፤ ኮሚኒስቶች በዙሪያቸው አሉ ተባለ። ኤፍቢአይ ከ1956 እስከ 1971 የጥቁሮችን መብት ታጋዮችና ሌሎችን የሚሰልልበትና የሚያውክበት ምስጢራዊ ፕሮግራም ነበረው። ጉዳዩ የወጣው በማርች 1971 ጥቂት ሰላማዊ ታጋዮች በፔንሲልቬንያ ሚዲያ በተባለች ከተማ ያለውን የኤፍቢአይ ቢሮ ሰብረው ገብተው ሰነዶቹን ለጋዜጦች ስለላኩ ነው። ከዚያ በሴናተር ፍራንክ ቸርች የተመራው ኮሚቴ በ1975 እና በ1976 መረመረ፤ በ1978 ስለላን በልዩ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሥር የሚያደርገው ሕግ ወጣ። እንግዲህ «ተጠርጣሪ» የሚለው ስያሜ የሰባኪ ቤት ድረስ እንደሚደርስ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ያየ ሕዝብ፣ መጠይቅ ሲመጣለት ቶሎ እሺ አለማለቱ ምን ይገርማል?

ጥያቄው እንዴት ነው የተጠየቀው?

ቁጥር ሲጠቀስ ከቁጥሩ በፊት ጥያቄውን ማየት ግድ ነው። በ2013 ክረምት ፒው ራሱ ይህን በሙከራ አሳየ። መላሾቹን በዕጣ ከፋፍሎ ስለዚያው ስለ አንድ ፕሮግራም በተለያየ አገላለጽ ጠየቃቸው። ክትትሉ በፍርድ ቤት ፈቃድ እንደሚካሄድ ከተነገራቸው ሰዎች 37 በመቶው ደገፉ፤ ፍርድ ቤት ካልተጠቀሰላቸው 25 በመቶው። የሽብር መከላከል አካል ነው ሲባል 35፣ ሳይባል 26 በመቶ። በጣም በሚያባብለውና በጣም በሚያስፈራው አገላለጽ መካከል ልዩነቱ ከ41 እስከ 16 በመቶ ተዘረጋ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሌላ አገላለጽ 56 በመቶ የተገኘለት ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ2016 መጀመሪያ ኤፍቢአይ የሳን በርናርዲኖውን አጥቂ አይፎን እንዲከፍትለት በአፕል ላይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስወጣ፤ አፕልም እንቢ አለ። ፒው «አፕል ስልኩን ከፍቶ ምርመራውን ያግዝ?» ብሎ ሲጠይቅ 51 በመቶው ያግዝ፣ 38 በመቶው አያግዝ አለ። የዜና ድርጅቱ ሮይተርስና የአስተያየት አጥኚው ኢፕሶስ አፕል ትእዛዙን በመቃወሙ ይስማሙ እንደሆነ ሲጠይቁ ግን 46 በመቶው ከአፕል ጋር ቆመ፤ 35 በመቶው ተቃወመ። ሁለቱም ሥራቸውን በሐቅ ሠርተዋል። ሕዝቡ ስለ አንድ የሟች ስልክ ሲያስብ አንድ መልስ፣ ስለ ገዛ ስልኩ ሲያስብ ሌላ መልስ አለው።

የጉዞ እገዳውም እንዲሁ ነው። ጃኑዋሪ 27 ቀን 2017 ዶናልድ ትራምፕ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ አገዱ፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሊያና ሱዳን ከሰባቱ መካከል ነበሩ። በቀናት ውስጥ ሮይተርስና ኢፕሶስ በኢንተርኔት ሲጠይቁ 49 በመቶ ደጋፊ፣ 41 በመቶ ተቃዋሚ አገኙ። ፒው በፌብሩዋሪ በስልክ ሲጠይቅ 59 በመቶ ተቃዋሚ፣ 38 በመቶ ደጋፊ አገኘ። በመካከሉ በየአየር ማረፊያው የተጉላሉ ቤተሰቦች በቴሌቪዥን ታይተዋል፤ ፍርድ ቤትም እገዳውን አግዷል። ከዚህም ሌላ ሰው ለኮምፒውተር የሚሰጠውና በስልክ ለሚያናግረው ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ላይሆን ይችላል። በፒው ጥናት ከሪፐብሊካኖች 81 በመቶ ሲደግፉ ከዴሞክራቶች 89 በመቶ ተቃውመዋል፤ የፓርቲው ጉዳይ እዚህም ጎልቶ ይታያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሻሻለውን እገዳ በጁን 2018 በ5 ለ 4 አጸደቀ። በዚያው ፍርድ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ የ1944ቱ የኮሬማትሱ ፍርድ በተሰጠበት ዕለትም ስህተት እንደነበር ጻፉ። በ2020 ኤርትራ በዝርዝሩ ተጨመረች፤ በዚያም ምክንያት ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተው የቆዩ አሉ።

ወደ ውጭ የምንደውለው ስልክ

የስልክ መዝገቡ የጅምላ ስብሰባ በጁን 2015 በወጣ ሕግ ቆመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጃኑዋሪ 2014 ግላዊነትን የሚከታተለው የመንግሥት ቦርድ ፕሮግራሙን መርምሮ፣ በአሜሪካ ላይ የተደቀነ ሽብርን በተመለከተ በምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አንድም አጋጣሚ እንዳላገኘ አስታወቀ። በ2013 ተቀባይነት አለው ያሉት 56 በመቶ ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር። ሊያውቁም አይችሉም፤ ምስጢር ነበራ። ስለ ምስጢራዊ ነገር የሕዝብን አስተያየት መጠየቅ ትልቁ ጣጣ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስሜቱ ተንቀሳቅሷል። አሶሺየትድ ፕሬስ ከጥናት ማዕከሉ ኖርክ ጋር በ2021 ባደረገው ጥናት፣ ሽብርን ለመዋጋት አንዳንዴ መብትና ነጻነትን መሠዋት ያስፈልጋል ያሉት 54 በመቶ ናቸው፤ በ2011 በዚያው ጥናት 64 በመቶ ነበሩ። ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሰዎች መካከል የሚላላኩ ኢሜይሎችን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማንበብን በተመለከተ በ2011 ደጋፊዎቹ 47 በመቶ ሲሆኑ ተቃዋሚዎቹ 30 በመቶ ነበሩ። በ2021 ተገልብጦ 46 በመቶ ተቃወሙ፤ ደጋፊዎቹ 27 በመቶ ሆኑ። ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። በአገር ውስጥ ያሉ ጽንፈኛ ቡድኖች እጅግ ያሳስቡኛል ያሉት 65 በመቶ ሲሆኑ፣ የውጭዎቹ ያሳስቡኛል ያሉት ግማሽ ያህል ናቸው። ጥናቱ የተደረገው ጃኑዋሪ 6 ቀን 2021 ኮንግረስ በተወረረበት ዓመት ነው። አደገኛ የሚባለው ሰው መልክ ሲለወጥ፣ ክትትል የሚለው ቃልም ለብዙ ሰው ሌላ ስሜት ይሰጥ ጀመር።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ሕግ ግን በ1978ቱ የስለላ ሕግ ላይ በኋላ የተጨመረው አንቀጽ 702 ነው። በዚህ አንቀጽ መንግሥት ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን መልእክትና ጥሪ ለእያንዳንዱ ሰው የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይጠይቅ መከታተል ይችላል። ዒላማው የውጭው ሰው ነው። ነገር ግን ዒላማ ከሆነው ሰው ጋር የተነጋገረው አሜሪካዊም ቃሉ አብሮ ይሰበሰባል። ኤፍቢአይ ደግሞ የተሰበሰበውን ክምችት በአሜሪካዊው ስም ወይም ስልክ ቁጥር መፈለግ ይችላል። ዘመዶቹ በሙሉ በአንድ ስቴት የሚኖሩለት አሜሪካዊ ይህ አጋጣሚ ብዙ አያሳስበውም። እናቱ አዲስ አበባ፣ እህቱ ጅዳ፣ አጎቱ ካርቱም ያሉ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ግን ከውጭ ጋር የሚያደርገው ንግግር ከማንም ይበዛል። ጥፋት ስለሠራ አይደለም፤ ቤተሰቡ ስለተበተነ ነው። የአሜሪካ መጠይቆች ይህን ሰው ለይተው አይጠይቁትም፤ በአንድ ሺህ መላሾች መካከል የእኛ ዓይነቱ ሰው ቢገኝ እጅግ ጥቂት ነው።

በኤፕሪል 2024 ሕጉ ሊታደስ ሲቀርብ፣ ኤፍቢአይ የአሜሪካውያንን መልእክት ከክምችቱ ከመፈለጉ በፊት የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ማሻሻያ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። ከሁለቱም ፓርቲ ደጋፊ፣ ከሁለቱም ፓርቲ ተቃዋሚ ነበረው። በ2006ም ሆነ በ2013 በፓርቲ ተሰልፎ የነበረው ጉዳይ በዚህ ድምፅ ሰልፉ ፈርሶ ታየ። ውጤቱ 212 ለ 212 ሆነ፤ እኩል ሲሆን ደግሞ ማሻሻያው ይወድቃል። አንቀጹ ያለዚያ ግዴታ ለሁለት ዓመት ታደሰ።